ሞቷል ተብሎ ማኅተም ስለተመታበት ላፕቶፕ

ይድረስ ለክቡር ባራኒኮ ኢዮቴባ፣
የአቢንራ ደሴት ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ፣ የጀኔሬተሩ ቁልፍና የክቡ ማኅተም ያዥ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለክብርት ባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ከቢሮዎ ጀርባ ለታሰሩት ሦስት አሳማዎች የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደምን ከርመዋል? የወገብ ሕመም ጠናብዎት ሲባል ሰምቼ አዝኛለሁ። ከወንበር ባለመነሳት የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን እንዲህ ያለውን ሐሜት አላምንም። ባለፉት አሥራ አንድ ሳምንታት ዘጠኝ ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ስድስቱን ጊዜ ወንበርዎን ባዶውን አግኝቼዋለሁና ምስክር ልሆንዎ እችላለሁ።

እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ላፕቶፔም ደኅና ነው። ይህ ሁለተኛው ዜና ሳያስደነግጥዎ አይቀርም፤ በገዛ እጅዎ ፈርመው፣ ማኅተም መትተው፣ ሞቷል ያሉት እርስዎ ነዎትና። ነገር ግን ያመጣሁልዎ በትንሣኤ ማክሰኞ ስለነበር፣ ቢነሳ ያን ያህል ሊገርምዎ አይገባም።

ይህን ደብዳቤ በመሰብሰቢያ ቤታችን፣ በማኔአባው፣ ምሥራቃዊ ምሰሶ ላይ፣ ከዓሣ ማስገር ክልከላው ማስታወቂያ በታች፣ ሰብሰብ ብሎ ለሚቀመጥ ሁሉ እንዲታይ አድርጌ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመድፈር አይደለም። ቀደም ሲል በፖስታ አሽጌ ሦስት ደብዳቤ ልኬልዎ ነበር። ሦስቱም ጠረጴዛዎ ላይ ናቸው፤ ከላይ ባለው ላይ ሁለት ክብ የሻይ ምልክት በዓይኔ አይቻለሁ። ምሰሶ ላይ ሻይ አይቀመጥም።

ምናልባት ማንነቴን ረስተው እንደሆነ፣ ኩሪናቲ ታኪራ እባላለሁ። የደቡብ መንደር ልጅ ነኝ። ባሕር ማዶ ሱቫ ከተማ አራት ዓመት ተምሬ ተመልሻለሁ፤ አሁን የደሴቲቱ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ላፕቶፑ የአክስቴ ልጅ ብሪዝበን ከሚገኝ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ገዝቶ የላከልኝ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሦስት ፊደሎቹ ወልቀዋል፤ ክዳኑ በአንድ በኩል ያነክሳል፤ ክብደቱ ደግሞ አንድ ጡት ያልጣለ አሳማ ያህላል። ውድ የሆነብኝ በመልኩ አይደለም፤ በሆዱ ባለው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጨረቃ በሞላችና በጠፋች ቁጥር፣ የደሴቲቱን ሠላሳ ስምንት ጉድጓዶች በእግሬ እየዞርኩ የውኃቸውን ጨው ለክቻለሁ። ልኩን በደብተር ጽፌ ወደ ላፕቶፑ አስገባ ነበር። በየካቲት ባሕሩ ከልኩ አልፎ ቤታችን ሲገባ ደብተሮቼን ገንፎ አድርጓቸው ወጣ። ስለዚህ የትኛው ጉድጓድ መቼ እንደተበላሸ የሚያውቅ ከዚያ ላፕቶፕ በቀር በዚህ ደሴት ላይ ማንም የለም፤ እኔም ጭምር።

በመጪው ቅዳሜ ምክር ቤቱ በማኔአባው ተሰብስቦ፣ በመርከብ የሚመጡት ስምንት የዝናብ ውኃ ታንከሮች የት እንደሚተከሉ ይወስናል። እርስዎ ያዘጋጁትን ረቂቅ አንብቤዋለሁ። ስድስቱ ለሰሜን መንደር፣ ሁለቱ ለምክር ቤቱ ግቢ፣ ለደቡብ መንደር ምንም። ምክንያቱም፣ የራስዎን ቃል ልጥቀስና፣ "የደቡብ ጉድጓዶች ለመበላሸታቸው ማስረጃ አልቀረበም"። ቀርቧል፣ ክቡር ሆይ። ማስረጃው እርስዎ ያን ዓረፍተ ነገር ሲጽፉ ከጀርባዎ፣ ቁም ሣጥንዎ ውስጥ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጦ ነበር። እናቴ ሩዝ ስትቀቅል ጨው መጨመር ከተወች ዓመት አልፏታል፤ ይህም ማስረጃ ይሆን እንደሆነ አላውቅም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ጣትዎ።

በዚያ ማክሰኞ ላፕቶፑን በሁለት እጄ ታቅፌ የመጣሁት፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ የሚመረመረው በዋና ጸሐፊው ቢሮ ብቻ ነው የሚለውን የገዛ ደንብዎን አክብሬ ነው። ከትናንት በስቲያ ድረስ ይሠራ እንደነበር፣ አሁን ማስነሻውን ብጫነው አንዲት መብራት እንኳ እንደማትበራ፣ እንዳልወደቀ፣ ውኃ እንዳልነካው አንድ በአንድ አስረዳሁዎ። እርስዎም በጥሞና አዳመጡኝ። ከዚያም ቻርጀሩን ሶኬት ላይ ሳይሰኩ፣ የቀኝ እጅዎን ሌባ ጣት ዘርግተው ማስነሻውን ተጫኑት። አንድ ጊዜ። ጣትዎን በሽርጥዎ ጠርገው፣ "ጨው ነው የገደለው" አሉ።

ሐኪም እንኳ ሞተ የተባለን ሰው ደረት ሁለት ጊዜ ያዳምጣል። ይሁን እንጂ ስለዚህ ፈጣን ምርመራ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው፤ በምክር ቤቱ ታሪክ በአንድ ቀን ያለቀ ብቸኛው ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ጨው የላፕቶፕን ሆድ እንደሚገድል ሳይመረምሩ ያመኑ ሰው፣ ጨው የሰውን ሆድ ምን እንደሚያደርግ ለማመን ማስረጃ ይጠይቃሉ። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ የደቡብ መንደር ሰው ሞኝ ሆኖ ሳይሆን ሌላ የሚጠጣው አጥቶ እየላሰ ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ትዕግሥት።

ሞቷል ካሉት በኋላም ላፕቶፑን አልመለሱልኝም፤ "ለተጨማሪ ምርመራ ይቆይ" ብለው ቆለፉበት። ስመጣ ዓሣ ሊያጠምዱ ሄደዋል። ስመጣ ጀኔሬተሩ ነዳጅ የለውም። ስመጣ ነዳጅ አለው፤ ቁልፉ ግን ከእርስዎ ጋር ነው፤ እርስዎም ለነጻነት ቀን የሚጨፍሩትን ልምምድ እየተመለከቱ ነው። በስድስተኛው ጊዜ አገኘሁዎ። ሁለት እንግዶች አብረውዎ ተቀምጠው ነበር። በእነሱ ፊት እንዲህ አሉኝ፦

"አንቺ ልጅ፣ ሱቫ ሂሳብ ሲያስተምሩሽ ትዕግሥት ረሱብሽ እንዴ? ባል አግብተሽ ቢሆን እኮ ይህን ያህል በጉድጓድ ዙሪያ አትዞሪም ነበር።"

እንግዶቹ ሳቁ። እኔ ለዕድሜዎ ስል ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ይኸው አድጎ ደብዳቤ ሆነ። ስለ ትዳሬ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ፤ ለባሌም ቢሆን የሚጠጣ ውኃ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፦ ስለ ወረቀቱ።

በዘጠነኛው ጊዜ አንድ ወፍራም ወረቀት ሰጡኝ። በላዩ ላይ ላፕቶፑ መሞቱ፣ የማይጠገን መሆኑና ከሌሎች የብረት ቁርጥራጮች ጋር በሚቀጥለው መርከብ ተጭኖ የሚወገድ መሆኑ ተጽፎ፣ ከሥሩ ፊርማዎና ማኅተምዎ አርፎበታል። ለአንድ አሮጌ ዕቃ እንዲህ ያለ ማዕረግ ያለው የቀብር ወረቀት ሲጻፍ አይቼ አላውቅም። በፈረሙበት ሰዓት ሟቹ ከቢሮዎ ጀርባ፣ ከአሳማዎቹ አጠገብ፣ ከአንድ የዛገ የፍሪጅ ሞተርና ከብስክሌት ጎማ ጋር በጆንያ ታስሮ ነበር። እኔም ወረቀቱን በአክብሮት ተቀብዬ፣ በጓሮ በኩል ዞሬ፣ ጆንያውን ፈትቼ ንብረቴን ወሰድኩ። አሳማዎቹ አልተቃወሙኝም። ከምክር ቤትዎ ግቢ ያለ ቀጠሮ ያስተናገዱኝ እነሱ ብቻ ናቸው።

አራተኛ፦ ስላደረግሁት።

ይህ በእርግጥ ቅሬታ አይደለም። ነገር ግን ሌላ ሰውም አሮጌ ላፕቶፑ አልነሳ ብሎት እርስዎ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ሊሞክረው ስለሚችል፣ ለሕዝብ ጥቅም በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

ላፕቶፑን ተሸክሜ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። የጤና ጣቢያው ላፕቶፕ የኔው ታናሽ ወንድም እንደማለት ነው፤ ቻርጀራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ መብራቱም ከፀሐይ ስለሆነ የማንንም ቁልፍ አይጠብቅም። ነርስ ቲናይ ሕፃናት እየመዘነች ነበር። ቻርጀሯን እንድታውሰኝ ስለምናት ቀና ብላ፣ "መዝኜ እስክጨርስ ያንቺ ነው፤ ካቃጠልሽው ግን ጆንያ የምትገቢው አንቺ ነሽ" አለችኝ።

መጀመሪያ የራሴን ቻርጀር ሰካሁ። ምንም። የእሷን ሰካሁ። በጎን በኩል ያለችው ትንሽ ብርቱካንማ መብራት ወዲያው በራች። የመጀመሪያው በሽታ ይህ ነበር፤ ላፕቶፑ ሳይሆን ቻርጀሩ ነው የታመመው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ መሆኑን እናገራለሁ። እኛ የደሴት ሰዎች ገመድ ካየን እንደ መንጠቆ ክር ጥብቅ አድርገን መዳፋችን ላይ ካልጠቀለልነው አናርፍም። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ የቻርጀሩን ገመድ አባቴ ክሩን እንደሚጠቀልል ስጠቀልለው አንገቱ ላይ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። ጥፋት ሲገኝ የኔ ነው ማለት እንዲህ ቀላል ነው፣ ክቡር ሆይ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ማኅተም እንኳ አይፈልግም።

ቀጥሎ ባትሪውን አወጣሁ፤ ቻርጀሩንም ነቀልኩ። በውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ ካለ እንዲወጣ ማስነሻውን ተጭኜ እስከ ሠላሳ መቁጠር ጀመርኩ። ወረፋ የያዙት እናቶች ምን እንደምቆጥር ሳያውቁ አብረውኝ ቆጠሩ። ሠላሳ ላይ ለቀቅሁ። ባትሪውን ሳልመልስ ቻርጀሩን ብቻ ሰክቼ ማስነሻውን ተጫንኩ፤ ማራገቢያው ዞረ። አንዲት እናት ልጇን እንዳቀፈች፣ "ተነፈሰ!" አለች። ሁላችንም ተጠጋን። ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ፤ ላፕቶፑ ሦስት ጊዜ ጢጥ ጢጥ ጢጥ ብሎ ዝም አለ። ምናልባት ምስሉ ኖሮ ብርሃኑ ብቻ ጠፍቶ እንደሆነ ብዬ የእጅ ባትሪ በስክሪኑ ላይ አግድም አበራሁ። ምንም የለም።

ጢጥታው ንግግር ነው፤ አንድ ነገር ጎደለኝ ማለት ነው። ስለዚህ ገለበጥኩትና ሆዱን ለመክፈት የቲናይን ትንሽ ካቻቢቴ አነሳሁ። ከታች ክዳኑን የሚይዙ ስድስት ብሎኖች ነበሩ። ሁለት ብቻ ቀርተዋል። ክዳኑ እንደበሰለ ፓፓያ ተከፈተ። በውስጡ አንድ የጨው ቅንጣት አላገኘሁም። አቧራ አለ፤ አንድ የሞተ ጉንዳን አለ። የሚሞሪው ቦታ ግን ባዶ ነበር፤ ሁለቱ ትንንሽ የብረት መያዣዎች ልጅ ሊቀበሉ እንደተዘረጉ ክንዶች ተከፍተው ቀርተዋል።

ሚሞሪ የጣት ያህል ርዝመት ያላት አረንጓዴ ስስ ዕቃ ናት። ላፕቶፕ ያለ እሷ፣ ልቡ እየመታ ምንም ማሰብ የማይችል ሰው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሁኔታ በአንዳንድ ቢሮዎች ሥራን እንደማያስተጓጉል አውቃለሁ፤ ላፕቶፕን ግን ያስተጓጉላል። በአጭሩ፣ አንድ በሽታ ይዞ ወደ እርስዎ የገባው ላፕቶፕ በሁለት በሽታ ወጣ። ሁለተኛው የእርስዎ ቢሮ ስጦታ ነው።

አምስተኛ፦ ስለ ሚሞሪዋ።

ለማፈላለግ ብዙ አልደከምኩም። በሰሜን መንደር በቴራካ ቤት በላፕቶፑ የሚታዩት ፊልሞች ከጰራቅሊጦስ ወዲህ መሐል ላይ መቆም እንደተዉ፣ ይህም የእርስዎ በጎ ሥራ እንደሆነ ሕፃን ሽማግሌው እያወራ ያመሰግንዎ ነበር። ቴራካ የክብርት ባለቤትዎ ወንድም ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄጄ ጠየቅሁት። ሰውየው አልዋሸኝም። "ቡቡቲ ብዬው ሰጠኝ" አለ። "ምን ያድርግ? የእህቴ ባል አይደል?"

ስለ ቡቡቲ ለእርስዎ ማስረዳት ለዓሣ ዋና ማስተማር ነው። ዘመድ ዘመዱን ፊት ለፊት ቡቡቲ ብሎ ከጠየቀ እምቢ አይባልም። ብስክሌትም ቢሆን፣ ሸራም ቢሆን፣ የለበሱት ሸሚዝም ቢሆን ይሰጣል፤ ነገ ደግሞ ሰጪው በተራው ይጠይቃል። እምቢ ያለ ሰው ማኔአባ ውስጥ የሚቀመጥበት ፊት የለውም። ስለዚህ አማችዎ በጠየቀዎት ጊዜ የገቡበት ጭንቅ ከልብ ይገባኛል፤ ይህንም የምለው ሳልቀልድ ነው። በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም አልተኛም ነበር። ሆን ብለው፣ የጉድጓዶቹ ልክ እንዳይገኝ ብለው አደረጉት የሚሉ አሉ፤ እኔ አልልም። ነገር ግን ቡቡቲ ከራስ ነው የሚሰጠው። የሰው ታንኳ ሊጠግኑ ተቀብለው ሸራውን ለአማችዎ ቢሰጡ፣ ከዚያም ለባለታንኳው "ታንኳህ ሰጥሟል" የሚል ወረቀት ቢጽፉ፣ አባቶቻችን ለዚህ ሌላ ስም ነበራቸው። ያን ስም እዚህ ምሰሶ ላይ አልጽፍም፤ ልጆች ያነቡታል።

ቴራካ ከእኔም ጋር በአያቶቹ በኩል ይዛመዳል። ስለዚህ ቤቱ ሞልቶ፣ ፊልሙ እየታየ ሳለ፣ በሰው ሁሉ ፊት "ቡቡቲ፣ ሚሞሪዋን" አልኩት። ቤቱ ተንጫጫ። "ጀግናው ገደል ጫፍ ላይ ቆሞ?" አለ አንዱ። አንዲት አሮጊት ቀሚሴን ጎተት አድርገው፣ "ቁጭ በይና እዪ፤ ጉድጓድሽ ጥሎሽ አይሄድም" አሉኝ። ተቀመጥኩ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ፊልም አየሁ። ጀግናው ምን እንደሆነ፣ ላላዩት ስል አልናገርም።

ሲያልቅ ቴራካ የራሱን ላፕቶፕ አጥፍቶ፣ ገልብጦ፣ ሚሞሪዋን አወጣና በትምባሆ መጠቅለያ ጠቅልሎ እጄ ላይ አኖራት። ከዚያም፣ "ነገ ተራው የኔ ነው፤ ልጄን ሂሳብ ታስተምሪልኛለሽ" አለ።

"ቡቡቲ ነው?" አልኩት።

"ቡቡቲ ነዋ።"

ሰኞ ጀምረናል። ልጅቷ ጎበዝ ናት። በዚህ ሁሉ ጉዳይ ከእርስዎ ቤተሰብ ጋር ያደረግሁት ብቸኛው ቀጥተኛ ስምምነት ይኸው ነው።

ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሼ ሚሞሪዋን ሰያፍ አስገብቼ ተጫንኳት፤ ሁለቱ መያዣዎች ቀጭ ብለው ያዟት። ማስነሻውን ተጫንኩ። ስክሪኑ በራ። በውስጡ ያለችው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ ሞታ ስለነበር ላፕቶፑ ቀኑን ረስቷል፤ የተሠራበት ዓመት የመጀመሪያው ቀን መስሎታል። ዛሬ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ ቀጠለ። የጉድጓዶቹ ልክ አንድም ሳይጎድል አለ። ከሠላሳ ስምንቱ ጉድጓዶች ሃያ ስድስቱ አይጠጡም። ከሃያ ስድስቱ ሃያ ሦስቱ የደቡብ ናቸው። ከሁሉም ጣፋጩ የቱ እንደሆነ ማወቅ ቢፈልጉ፣ ከእርስዎ ቤት ጓሮ ያለው ነው። እንኳን ደስ አለዎት።

ስድስተኛ ቅሬታም ነበረኝ። አባቴ የዚህን ደብዳቤ ረቂቅ አንብቦ፣ "ይህችን እንኳ ተያት፤ ሰውየው ወገቡን ያመዋል" ስላለኝ ሰርዤዋለሁ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ።

የአባትዎና የአያቴ እናቶች እኅትማማቾች እንደነበሩ ያውቃሉ። ዝምድናውን ረስተውት ቢሆን ኖሮ ከስድስት ዓመት በፊት ወደ ቤታችን መጥተው የአባቴን ብስክሌት በቡቡቲ ባልጠየቁ ነበር። አባቴ ያን ዕለት ብስክሌቱን ጠርጎ፣ ሰንሰለቱን ዘይት ቀብቶ ሰጠዎት። ከዚያ ወዲህ በእግሩ ይሄዳል፤ ጉድጓዶቹን ስለካም እኔ በእግሬ እሄዳለሁ። ቅር አላለንም። የብስክሌቱን አንድ ጎማ በጆንያው ውስጥ ሳገኝ እንኳ አልከፋኝም፤ የተሰጠ ነገር የተቀባዩ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤታችን ማንም እርስዎን ጠይቆ አያውቅም። ተራው የኛ ነው።

በማኔአባችን የመጀመሪያውን ቃል የመናገር መብት ከጥንት ጀምሮ የእርስዎ ቤተሰብ ነው። እርስዎ ካልጀመሩ ሽማግሌዎቹም አይጀምሩም። ወጣት ሴት ደግሞ ከወንዶቹ ጀርባ ከምንጣፉ ዳር ተቀምጣ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። ይህን ወግ የማፍረስ አሳብ የለኝም። ግድግዳ የሌለው ቤት ነው፤ ማንም በየትኛውም በኩል ሊገባበት ይችላል፤ እኔ ግን በትክክለኛው በር እገባለሁ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ቡቡቲ። የምጠይቅዎ ታንከር አይደለም፤ ታንከሩ የእርስዎ አይደለምና ሊሰጡኝ አይችሉም። የቅዳሜውን የመጀመሪያ ቃልዎን ነው። ስፍራዎ ላይ ቆሜ፣ ላፕቶፑን ከፍቼ፣ የሠላሳ ስምንቱን ጉድጓዶች ስምና ልክ ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ አነባለሁ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ የፈለጉትን ይወስኑ፤ የፈለጉትን ሲወስኑ ግን ማስረጃ አልቀረበም ማለት አይችሉም።

ቡቡቲ በወረቀት እንደማይጠየቅ አውቃለሁ። ስለዚህ ትናንት ጠዋት ቤትዎ መጥቼ ነበር። እርስዎ ታመው ተኝተዋል ተባልኩ፤ ምንም እንኳ ሽርጥዎ በጓሮ በር በኩል ሲያልፍ ያየሁ ቢመስለኝም። ቅዳሜም ሕመሙ እንዳይጠናብዎት ፈርቼ ለክብርት ባለቤትዎ ጉዳዬን አስረዳኋቸው። ምንጣፍ እየሠሩ ነበር፤ እስክጨርስ ቀና አላሉም። የወንድማቸውን ልጅ ሂሳብ እንደማስተምር ግን ሰምተዋል። በመጨረሻም፣ "ሂጂ፣ ተዘጋጂ፤ ይመጣል" አሉኝ። "ወገቡን እኔ አሽቼ አመጣዋለሁ።"

እንግዲህ ቅዳሜ በማኔአባው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ፊትዎን እያየሁ ቃሉን እደግመዋለሁ። እምቢ የማለት መብትዎ የተጠበቀ ነው። ከዚያ በኋላ የት እንደሚቀመጡ እርስዎ ያውቃሉ።

ለጤናዎ፣ ለረጅም ዕድሜዎና ለወገብዎ ደኅንነት የዘወትር ጸሎቴ ነው። ለአሥራ አንድ ሳምንት ላቆዩልኝ ንብረት፣ ለሰጡኝ ምክር፣ ላስተማሩኝም ትዕግሥት ምን ያህል እንደማመሰግንዎ ቅዳሜ በጆሮዎ ይሰማሉ። ለዛሬው ግን በምሰሶው ሥር ዝቅ ብዬ ሳይሆን ምሰሶውን ተደግፌ እሰናበትዎታለሁ።

የታኪራ ልጅ፣ የትዕግሥት ትምህርትዎ ተማሪ፣ የሃያ ስድስት ጨዋማ ጉድጓዶች መዝጋቢ፣
ኩሪናቲ ታኪራ፣ ከደቡብ መንደር

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ ከስድስቱ ብሎኖች አራቱ እስካሁን አልተመለሱም። እነሱን በቡቡቲ አልጠይቅዎም፤ የገዛ ዕቃውን በቡቡቲ የሚጠይቅ ሰው የለም። እስኪመለሱ ድረስ ክዳኑ እንዳይከፈት የሞት ወረቀትዎን ለሁለት አጥፌ፣ በሐኪም ፕላስተር ከላፕቶፑ ሆድ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ማኅተሙ ወደ ውጭ ነው። ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ ጥብቅ አድርጎ ይዞልኛል። ከቢሮዎ ለደቡብ መንደር የተደረገ የመጀመሪያው ጥገና ስለሆነ፣ ቅዳሜ ላፕቶፑን ከፍ አድርጌ ለሽማግሌዎቹ አሳያቸዋለሁ።